ፍሪትዝ ሐበር፤ የማዳበሪያና የመርዝ ሊቅ

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ዕውቅ የኬሚስትሪ ሊቅ ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ደስ ብሎኝ የጀመርሁት ሥራ እንዲህ ያስጨንቀኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር። የመረጥሁት ሰው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሐበር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ክረምት ሲገባ አባቴ ከጎብዬ በአህያ ጭኖ ወደ እርሻችን የሚወስደው ነጩ የዩሪያ ማዳበሪያ ከዚህ ሰው ምርምር የተገኘ መሆኑን ከመምህራችን ሰምቼ ነበር። ከዚህ በታች የሐበርን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ሐበር በ1868 ዓ/ም፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በብሬስላው ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። እናቱ እርሱን በወለደች በ3 ሳምንት ሞተች፤ አባቱ የቀለም ነጋዴ ነበር። ኬሚስትሪን ተምሮ በ1891 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1894ም በካርልስሩኸ ከተማ ሥራ ያዘ። በ1901 ክላራ ኢመርቫርን አገባ። እርሷም ከባሏ ጋራ የምትተካከል የኬሚስትሪ ምሁር ነበረች፤ በ1900 ከብሬስላው ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝታለች።

በዚያን ዘመን የአውሮፓ እርሻ የሚዳብረው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቺሌ ምድረ በዳ በመርከብ በሚመጣ ጨው ነበር። ይህም አንድ ቀን ያልቃል ተብሎ ይፈራ ነበር። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም፣ ማሽላውም ሆነ ጤፉ ከአየር ላይ እንዳለ ሊመገበው አይችልም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋራ አዋሕደው አሞኒያ ለማድረግ ይደክሙ ነበር።

ችግሩ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የራሴን ስሕተት ልናገር። በፈተና ላይ ስለ ሚዛን፣ ማለት ስለ ኢኩሊብሪየም በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ውሕደቱ ያን ጊዜ ይቆማል ብዬ ጽፌ ነጥብ አጣሁ። መምህራችንም በሰሌዳው ላይ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የሚሄዱ ሁለት ቀስቶች ሥለው የገበያችንን ነገር አስታወሱን። እኩለ ቀን ሲሆን ከሮቢት በኩል የሚገባውና ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ቊጥሩ እኩል ይሆናል፤ ገበያው እንደ ሞላ ይታያል እንጂ ሰው መግባቱንና መውጣቱን አላቆመም። አሞኒያም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው እየፈረሰ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ሃይድሮጅን ይመለሳል። የሁለቱ ፍጥነት እኩል ሲሆን ሚዛን ሆነ ይባላል።

ሐበርን ያስቸገረው ይህ ነው። አሞኒያ ሲሠራ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ሚዛኑ ወደ አሞኒያ ያደላል፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ሙቀት ውሕደቱ እጅግ ይዘገያል። ቀስ በቀስ እንቊላል በእግሩ ይሄዳል ቢባልም፣ ፋብሪካ ዕድሜ ልኩን ሊጠብቅ አይችልም። ሙቀቱን ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ ውሕደቱ ይፈጥናል፤ የሚገኘው አሞኒያ ግን ጥቂት ይሆናል።

ሐበር ከረዳቱ ከሮበርት ለ ሮሲኞል ጋራ ሆኖ ለዚህ መላ አገኘ። መጀመሪያ ጋዞቹን በብርቱ ግፊት ጨመቃቸው። አራት እጅ ጋዝ ሁለት እጅ አሞኒያ ስለሚሆን፣ ግፊት ሲበዛ ሚዛኑ ቦታ ወደማያስፈጀው ወደ አሞኒያው ያደላል። ሁለተኛም ካታሊስት የሚባለውን አፋጣኝ ጨመረ። ካታሊስት በተራራ ላይ እንዳለ አቋራጭ መንገድ ነው፤ ለሚሄደውም ለሚመለሰውም እኩል ያፋጥናል እንጂ ሚዛኑን አይለውጥም። ሦስተኛም የተሠራውን አሞኒያ በማቀዝቀዝ ፈሳሽ አድርጎ እያወጣ፣ ያልተዋሐደውን ጋዝ መልሶ ወደ ምድጃው አስገባ። በሐምሌ ወር 1909 አሞኒያው ጠብ ጠብ ሲል የፋብሪካ ሰዎች በዓይናቸው አዩ። ካርል ቦሽ የተባለው መሐንዲስ ሥራውን አስፋፍቶ በ1913 በኦፓው ከተማ ታላቅ ፋብሪካ አቆመ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው እህል በዚህ ጥበብ የተገኘ ነው ተብሎ ይገመታል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው እንዴት ባማረ ነበር! ነገር ግን በ1914 የዓለም ጦርነት ተነሣ። አሞኒያው ለፈንጂ መሥሪያ ሆነ፤ ሐበርም ዕውቀቱን ለአገሩ ጦር ሰጠ። ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጅግ አገር፣ በኢፕር አጠገብ፣ በእርሱ መሪነት የክሎሪን ጋዝ በጠላት ወታደሮች ላይ ተለቀቀ። ክላራም ከዐሥር ቀን በኋላ በባሏ ሽጉጥ ራሷን ገደለች። በ1917 ደግሞ የጀርመን ጦር ቆዳን የሚልጠውንና ዓይንን የሚያሳውረውን የሰናፍጭ ጋዝ አመጣ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሐበር የ1918ን የኖቤል ሽልማት ስለ አሞኒያው ተቀበለ።

ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። አያቴ ስለ አባታቸው የነገሩን ትዝ አለኝ። ቅድመ አያቴ በ1928 ዓ/ም ወደ ማይጨው ከዘመቱት አንዱ ነበሩ። መጋቢት 22 ቀን ከተደረገው ውጊያ በኋላ ሠራዊቱ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲመለስ፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ያንኑ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡበት። ከቆቦ ሜዳ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ከሚታዩት ተራሮች ማዶ ነው። ቅድመ አያቴ ጀርባቸው ተልጦ፣ ዓይናቸው ደክሞ በሰው ተመርተው ወደ ቤታቸው ገቡ። አያቴ ልጅ ሳሉ ውሃ እየቀዱ፣ ምርኩዝ እያቀበሉ አባታቸውን ያገለግሉ እንደ ነበረ ነግረውናል።

ሐበር ይህን አላየም፤ ጋዙንም ለኢጣልያ የሰጠ እርሱ አይደለም። በ1933 ናዚዎች አይሁድን ከመንግሥት ሥራ ሲያባርሩ፣ ያን ያህል ያገለገላትን አገሩን ትቶ ወጣ፤ በጥር ወር 1934 በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ ሞተ። ነገር ግን ጋዝን የጦር መሣሪያ አድርጎ ለዓለም ያሳየ እርሱ ነውና በደሉ አይሰረዝለትም።

ይህን ታሪክ ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያም ያ ሰው የሠራው ማዳበሪያ በማሳችን ላይ የሚበተነው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኋቸው። እንግዲያስ ሁለቱንም ጻፍ፣ አንዱን አትደብቅ ብለው አዘዙኝ፤ እኔም እንደ ታዘዝሁ አደረግሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በኬሚስትሪ ክፍል የሚመለስ ውሕደት እንዳለ ተምረናል። በሰው ሥራ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ለአሸንጌ ሙታን ወደ ኋላ የሚመለስ ቀስት የለም። ስለዚህ ከእኛ መካከል ነገ ሊቅ የሚሆን ቢኖር፣ ነገሩ ይቻላል ወይ ብሎ ከመጠየቁ ጋራ በማን ላይ ይወርዳል ብሎም ይጠይቅ።