የናይሮቢ አሮጌ አውቶቡሶች ትዝታ እና ስማቸው በመንገዱ ላይ የቀረው ጠበቃ

ከናይሮቢ መሀል ከተማ ወደ ካዋንግዋሬ የሚጓዘው የ46 ቁጥር መስመር የቫሊ መንገድን አቀበት ጨርሶ ሁርሊንግሃም ሲደርስ፣ በአንድ ሰው ስም ወደተሰየመ ጎዳና ይገባል። ጎዳናው አርግዊንግስ-ኮዴክ ይባላል።

ሁርሊንግሃም ዛሬ ሆስፒታሎች፣ የገበያ ማዕከሎች እንዲሁም የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች የሚገኙበት ሰፈር ነው። በመስመሩ ላይ የሚሮጡት ሙዚቃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ በሥዕልና በመብራት ያሸበረቁ ማታቱዎች ናቸው። በዕድሜ የገፉ የከተማዋ ነዋሪዎች ግን ሌላ ድምፅ ያስታውሳሉ፤ አቀበቱን እያቃሰተ የሚወጣ፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ የናፍጣ ሞተር ድምፅ።

አሮጌ የብሪታኒያ አውቶቡሶችን መውደድ ድንበር የለሽ ፍቅር ነው። በብሪታኒያ የእያንዳንዱን አውቶቡስ የሻንሲ ቁጥር የሚመዘግቡ፣ የተሠራበትን ዓመትና የሮጠበትን መስመር በቃላቸው የሚያውቁ፣ ሜዳ ላይ ዝጎ የተጣለውን አንስተው ለዓመታት የሚጠግኑ ሰዎች አሉ። ለንደን ዝነኛውን ሩትማስተር በታኅሣሥ 2005 (እ.አ.አ) ከመደበኛ አገልግሎት ስታሰናብት፣ በ159 ቁጥር መስመር ላይ የመጨረሻውን ጉዞ ለማየት ብዙ ሕዝብ ጎዳና ወጥቶ ነበር።

የዚህ ፍቅር አንዱ ቅርንጫፍ ናይሮቢ ይደርሳል። ከዎልቨርሃምፕተን ከተማ የመጡት የጋይ አውቶቡሶችና የላንካሻየሩ ሌይላንድ እዚህም ሮጠዋል። በጋይ አፍንጫ ላይ የተቀመጠው፣ የላባ ዘውድ የደፋ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ አለቃ ምስል ከአድናቂዎች ዓይን አይጠፋም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቀይና ቢጫውን አንበሳ አውቶቡስ ሲያይ የተማሪነት ዘመኑ ትዝ እንደሚለው ሁሉ፣ የናይሮቢ ሰውም የኬንያ አውቶቡስ አገልግሎትን ሲያነሳ የደንብ ልብስ የለበሰው ትኬት ቆራጭና ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣው አውቶቡስ ይታወሱታል።

ትዝታ ግን የሚያነሳውም የሚጥለውም አለው። አውቶቡሶቹ የሮጡባት ከተማ ማን የት እንደሚኖር በቆዳ ቀለም የሚወሰንባት ከተማ ነበረች። የዛሬው ጎዳና ስሙን የያዘላቸው ሰው ደግሞ የሕይወታቸውን ዋና ክፍል ያሳለፉት ያንን ሥርዓት በፍርድ ቤት ሲሞግቱ ነው።

ከጌም እስከ ዌልስ

ክሌመንት ማይክል ጆርጅ አርግዊንግስ-ኮዴክ በ1923 በምዕራብ ኬንያ፣ በሉዎ ሕዝብ ምድር፣ ጌም በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። በአቅራቢያው በያላ በሚገኘው የቅድስት ማርያም የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ኡጋንዳ ወደሚገኘው ማኬሬሬ አለፉ። ማኬሬሬ በዚያን ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ወጣት ሊደርስበት የሚችል ከፍተኛው የትምህርት ደጅ ነበር።

ለጥቂት ጊዜ በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ በ1947 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ብሪታኒያ ተላኩ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የሚፈልገው የተማሩ አፍሪካውያን መምህራን ነበሩ፤ አፍሪካዊ ጠበቃ ግን ለሥርዓቱ ሥጋት ነበር። ወጣቱ ተማሪ ዌልስ ከደረሱ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሕግ አዞሩ፤ በጥብቅናም ተመረቁ።

በዚያው ዘመን የብሪታኒያ አውቶቡስ ፋብሪካዎች ከጦርነቱ ማግሥት ለአገራቸው ከተሞችም ለቅኝ ግዛቶችም ሌት ተቀን ያመርቱ ነበር። አውቶቡሱም ሕጉም ከአንድ አገር ወደ ናይሮቢ ይጓዙ ነበር ማለት ይቻላል። አርግዊንግስ-ኮዴክ ይዘው የተመለሱት ሕጉን ነው።

አውቶቡስ ሁሉን የማያገናኝባት ከተማ

በ1952 ሲመለሱ ያገኟት ናይሮቢ በንጉሣዊ ድንጋጌ የከተማነት ማዕረግ ካገኘች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። የኬንያ አውቶቡስ አገልግሎት ሥራ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1934 ሲሆን፣ መሥራቹ ኦቨርሲስ ሞተር ትራንስፖርት የተባለ የለንደን ኩባንያ ነበር። በጅማሬው የነበሩት 13 አውቶቡሶችና 12 መስመሮች ናቸው።

ከተማዋ ግን በሦስት የተከፈለች ነበረች። ከፍ ባለውና ነፋሻማ በሆነው ምዕራባዊ ክፍል፣ ሁርሊንግሃምን ጨምሮ፣ ነጮች ይኖራሉ። እስያውያን በፓርክላንድስና በንጋራ፣ አፍሪካውያን ደግሞ በምሥራቅ በኩል በፑምዋኒና በካሎሌኒ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። የአፍሪካውያን እንቅስቃሴም በቁጥጥር ሥር ነበር። ሁርሊንግሃም ስሙን የሚጋራው በፖሎ ጨዋታ ከታወቀው የለንደን ክለብ ጋር መሆኑ፣ ሰፈሩ ለማን እንደታሰበ ይናገራል።

ከኬንያ የመጀመሪያ አፍሪካውያን ጠበቆች አንዱ የሆኑት አርግዊንግስ-ኮዴክ ከአንዲት አየርላንዳዊት ጋር ትዳር መሥርተው ነበርና፣ ለእንዲህ ዓይነት ጥንዶች በዚያች ከተማ የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም። የመንግሥት የሕግ ሥራም ለአፍሪካዊ የሚከፍለው ከነጭ ባልደረባው በእጅጉ ያነሰ ደመወዝ ነበር። እርሳቸው ይህን ሚዛን ትተው የራሳቸውን የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ።

በባዶ የሄዱት አውቶቡሶች

በጥቅምት 1952 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የማው ማውን ንቅናቄ ለመደምሰስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ዝርዝር እየረዘመ ሄደ። አንድ ጥይት ይዞ መገኘት እንኳ ለስቅላት ያበቃ ነበር። አዋጁ እስኪነሳ ድረስ በፍርድ የተሰቀሉት ኬንያውያን ቁጥር ከ1,000 አልፏል።

ለእነዚህ ተከሳሾች መቆም ለአንድ ጠበቃ ክብርም ገንዘብም የማያስገኝ፣ ይልቁንም ጥርጣሬ የሚያስከትል ሥራ ነበር። አርግዊንግስ-ኮዴክ ግን በየችሎቱ ቆሙላቸው። የማው ማው ጠበቃ የሚለው ቅጽል የወጣላቸው በዚህ ጊዜ ነው። ቅጽሉ በባለሥልጣናቱ ዘንድ ነቀፋ ቢሆንም በአፍሪካውያኑ ሰፈሮች ግን የማዕረግ ስም ነበር። የሞገቱትም ብሪታኒያ ራሷ ባወጣችው ሕግ፣ ራሷ ባስተማረቻቸው የክርክር ሥርዓት ነው።

የአሮጌ አውቶቡሶች ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የማይናገረው ታሪክ የተፈጸመውም ያኔ ነው። በ1953 የማው ማው ንቅናቄ አፍሪካውያን የኬንያ አውቶቡስ አገልግሎትን እንዳይሳፈሩ አዘዘ። ከእንግሊዝ ሲጋራና ቢራም እንዲታቀቡ ተነገረ። አድማው እስከ 1954 ዘለቀ። ሠራተኞች ከምሥራቁ ሰፈር እስከ ሥራ ቦታቸው በእግራቸው ተጓዙ።

ሁሉም በፈቃዱ አልነበረም፤ ትእዛዙን መጣስ የሚያስፈራ ነበርና። ቅጣት ፈርቶ የተራመደም፣ አምኖበት የተራመደም በአንድ መንገድ ላይ ተገናኝተዋል። ለብዙዎች ግን በከተማዋ ውስጥ በእጃቸው የነበረው ብቸኛ ምርጫ አለመሳፈር ነበር። በሚያዝያ 1954 መንግሥት አንቪል በተባለው ዘመቻ ናይሮቢን በወታደር ከብቦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ማጎሪያ አጋዘ።

ዓለም በይበልጥ የሚያውቀው በአሜሪካ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በታኅሣሥ 1955 የጀመሩትን የአውቶቡስ አድማ ነው። የናይሮቢው ሁለት ዓመት ይቀድመዋል። በብሪታኒያም ቢሆን በ1963 የብሪስቶል ከተማ አውቶቡስ ኩባንያ ጥቁሮችንና እስያውያንን በሾፌርነትና በትኬት ቆራጭነት አልቀጥርም በማለቱ ለወራት የዘለቀ አድማ ተደርጎበታል። ኩባንያው በነሐሴ ወር ክልከላውን ለማንሳት ተገደደ። በብሪስቶል የተሠሩት ሎዴካ የተባሉ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ዛሬ አሮጌ አውቶቡስ ከሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ በእጅጉ የሚወደዱ ናቸው። የተሽከርካሪው ውበትና የታሪኩ ምሬት በአንድ ሻንሲ ላይ ተሸክመው ይኖራሉ።

ከችሎት ወደ ምርጫ፣ ከምርጫ ወደ ሥልጣን

መንግሥት በ1955 አፍሪካውያን ፓርቲ እንዲያቋቁሙ ሲፈቅድ፣ አገር አቀፍ ድርጅት ግን ከለከለ። አርግዊንግስ-ኮዴክ ያሰቡት አገር አቀፍ ኮንግረስ ምዝገባ ስለተነፈገው የናይሮቢ አውራጃ አፍሪካ ኮንግረስን መሠረቱ።

በመጋቢት 1957 አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወካዮቻቸውን ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ሲመርጡ ለናይሮቢ ወንበር ተወዳደሩ። ተቀናቃኛቸው ወጣቱ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ቶም ምቦያ ነበሩ። የመምረጥ መብት በትምህርት፣ በገቢና በመሳሰሉት መመዘኛዎች የተገደበ ስለነበር ድምፅ የሰጡት ጥቂቶች ናቸው። ምቦያ በጥቂት መቶ ድምፆች ብልጫ አሸነፉ።

ሽንፈቱ ከፖለቲካ አላስወጣቸውም። ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 የትውልድ ቀያቸው ጌም ወደ ፓርላማ ላከቻቸው። በ1966 ኦጊንጋ ኦዲንጋ ከገዢው ካኑ ተገንጥለው አዲስ ፓርቲ ሲመሠርቱ፣ ብዙ የሉዎ ፖለቲከኞች ቢከተሏቸውም አርግዊንግስ-ኮዴክ ከፕሬዝዳንት ኬንያታ ጎን ቆዩ። ይህ ውሳኔ በገዛ ወገናቸው መካከል ጥያቄ ሳያስነሳባቸው አልቀረም። በካቢኔው ውስጥ ከቆዩ በኋላ የውጭ ጉዳይን ኃላፊነት ተረከቡ።

አውቶቡሱም በዚያው 1966 ባለቤትነቱ በከፊል ተቀየረ። የናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት ከኩባንያው 25 በመቶ ድርሻ ያዘ፤ በምላሹም ኩባንያው በከተማዋ ብቻውን ሕዝብ የማጓጓዝ መብት አገኘ። ነፃነት ሕጉንም አውቶቡሱንም አልጣለም፤ ሁለቱንም ለመውረስ ሞከረ።

የሁርሊንግሃሙ አደጋ

ጥር 29 ቀን 1969 አርግዊንግስ-ኮዴክ እዚሁ ሁርሊንግሃም ውስጥ፣ በዚያን ጊዜ የሰፈሩን ስም ይዞ በነበረው ጎዳና ላይ ሕይወታቸው አለፈ። በይፋ የተነገረው የመኪና አደጋ መሆኑ ነው። በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነበሩ።

ብዙዎች ይህን አላመኑም። አሟሟታቸው የታቀደ ነበር የሚለው ጥርጣሬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በኬንያ ፖለቲካ ውስጥ ሲነሳ ይኖራል፤ ሆኖም በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነገር የለም። ጥርጣሬው ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ጭምር ነው። በግንቦት ወር በጌም በተካሄደው የማሟያ ምርጫ የኦዲንጋ ፓርቲ አሸነፈ። ሐምሌ 5 ቀን ቶም ምቦያ በመሀል ናይሮቢ በጥይት ተገደሉ። በጥቅምት ወር ደግሞ የኦዲንጋ ፓርቲ ታገደ። በአንድ ዓመት ውስጥ የ1957ቱ የናይሮቢ ምርጫ ሁለቱም ተቀናቃኞች በሕይወት አልነበሩም።

ሕይወታቸው ያለፈበት ጎዳና በኋላ በስማቸው ተሰየመ። የለንደን ክለብ ስም ለሰፈሩ ቀረ፤ መንገዱ ግን የጌሙን ልጅ ስም ወሰደ።

መስመሩ ሲቀጥል

ብቻውን የማጓጓዝ መብት የነበረው የአውቶቡስ ኩባንያ ከእርሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየበትም። በ1973 ፕሬዝዳንት ኬንያታ ማታቱዎች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠሩ ሲፈቅዱ ፉክክሩ ተከፈተ። በ1991 የስኮትላንዱ ስቴጅኮች ድርጅቱን ቢገዛም በ1998 ለኬንያውያን ባለሀብቶች ሸጦ ወጣ። ትልልቆቹ አውቶቡሶች ከናይሮቢ ጎዳናዎች እየሳሱ ሄዱ።

ስለዚህ የዛሬው ናፍቆት ምክንያት አለው። የተወሰነ ታሪፍ፣ የታወቀ ሰዓት፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ የማይቆም መኪና፤ እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ከተማን ለነዋሪዋ ምቹ ያደርጋሉ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ታሪፍ የሚጨምርበት ተሳፋሪ የድሮውን ቢመኝ አይፈረድበትም።

አሮጌ አውቶቡስ የሚወዱ ሰዎች የሚደነቅ ልማድ አላቸው፦ አንድ አውቶቡስ የት እንደተሠራ፣ መቼ ከመርከብ እንደወረደ፣ በየትኛው መስመር እንደሮጠና የት እንደተጣለ ሳያጣሩ አያርፉም። በውስጡ የተቀመጠው ማን እንደነበር፣ በ1953 ደግሞ ማን ሳይሳፈር እንደቀረ መጠየቅ የዚያው ልማድ ቀጣይ ነው።

የናይሮቢ ሰው ጎዳናውን ሲጠራ ብዙ ጊዜ አርግዊንግስ ብሎ ያሳጥረዋል። ከየአቅጣጫው የመጡ ተሳፋሪዎች፣ ከአዲስ አበባና ከአስመራ የመጡትን ጨምሮ፣ መውረጃቸውን ለረዳቱ ሲናገሩ ይህንኑ ስም ይጠራሉ። ጠበቃው በዚህች ከተማ መኖር በጀመሩበት ዘመን በዚህ ሰፈር ለአንድ አፍሪካዊ ቤት የተከለከለ ነበር። ዛሬ ስማቸውን ሳይጠሩ እዚህ መውረድ ያስቸግራል።