መስቀልን ከዓለት ያወጣ ንጉሥ

ከፎገራ ሜዳ፥ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ላስታ የሚደርስ ምእመን፥ በቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎችን ያያል። ትውፊት ይህን ሥራ ለዛጔው ንጉሥ ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጣል። ገድሉ እንደሚተርከው በሕፃንነቱ ንቦች ከበቡት፤ ስሙም ከዚህ ወጣ። ዘመዶቹ ቀንተው መርዝ አጠጡት፤ እርሱ ግን ከሞት ተርፎ በኋላ ዙፋኑን ከወንድሙ እጅ በሰላም ተቀበለ። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲጽፍ፥ አንባቢ እንዳያምነው ሠግቶ ነበር። ይህን መስቀል ለማየት ቁልቁል መመልከት ግድ ነው። እኛም ከተጣላነው ወንድማችን ጋር ለመታረቅ አስቀድመን አንገታችንን ዝቅ ማድረግን ከዚህ ንጉሥ እንማር።