ዊልሰን ቤንትሌይ፤ የአመዳይ ፎቶግራፍ አንሺ

በአገራችን በረዶ ሲባል የሚታሰበን በክረምት ከዝናብ ጋር ጣሪያውን እየደበደበ የሚወርደው ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን በብርድ ወራት እንደ ባዘቶ የሳሳ ነጭ አመዳይ ያለ ድምፅ እየወረደ ሜዳውንና ተራራውን ይሸፍናል። የአገሩ ሰው ከደጁ በአካፋ እየዛቀ ይጥለዋል እንጂ ልብ ብሎ የሚመለከተው ጥቂት ነው። ታሪኩን ባጭሩ የምጽፍለት ዊልሰን ቤንትሌይ ሌላው የሚረግጠውን አንሥቶ በመመርመሩ ስሙ በዓለም የታወቀ ገበሬ ነው።

ቤንትሌይ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1865 ዓ.ም. በዩናይትድ ስቴትስ፣ በቬርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር፤ እናቱ ግን ቀድሞ አስተማሪ ስለ ነበረች እስከ ዐሥራ አራት ዓመቱ ድረስ በቤት ያስተማረችው እርስዋ ናት። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው በማስተማር ዘመኗ ትሠራበት የነበረውን ማይክሮስኮፕ ሰጠችው። ልጁም አንዲት የአመዳይ ቅንጣት አስቀምጦ ቢመለከት ስድስት ማዕዘን ያላት፣ በጥበብ የተቀረጸች ጌጥ መስላ አገኛት። በእርሳስ ሊስላት ሞከረ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ሳያልቅ ቅንጣቷ ቀልጣ ውሃ ሆነች። በዚህ ሲደክም ከቆየ በኋላ በማይክሮስኮፕ ላይ የሚገጠም የፎቶግራፍ መሣሪያ መኖሩን ሰማ።

የመሣሪያው ዋጋ ወደ 100 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ለገበሬ ቤተ ሰብ እጅግ ከባድ ገንዘብ ነው። አባቱ አመዳይን ፎቶግራፍ ማንሣት ከንቱ ድካም መሆኑን ከማመን እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። ቢሆንም በእናቱ ልመና ልጁ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው መሣሪያውን ገዛለት። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ሁሉ ደብዝዘው ወጡ። ቤንትሌይ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ እያጠበበ፣ ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ እያስረዘመ ሲፈትን ቆይቶ በጃንዩዌሪ 15 ቀን 1885 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የጠራ ሥዕል አገኘ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አመዳይ መውረድ ሲጀምር ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። መልካሟን ቅንጣት መርጦ በቀጭን ስንጥር እንጨት ያነሣትና በመስተዋት ላይ አድርጎ በወፍ ላባ ቀስ ብሎ ይጫናታል። የሚሠራበት ጎጆ እሳት የማይነድበት ነው። ትንፋሹ እንዳያቀልጣት እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ መሣሪያውን ወደ ሰማይ ብርሃን ያቀናል። ይህን ሁሉ የሚፈጽመው ቅንጣቷ ሳትጠፋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ጎረቤቶቹ እየሳቁበት፣ እርሱም ቀን ቀን ላሞቹን እያለበና እርሻውን እያረሰ፣ በዕድሜው ከ5,000 በላይ ሥዕሎች አነሣ። ከነዚህም ሁለት አንድ ዓይነት አላገኘም። ሥዕሎቹን ለሚፈልጉ ትምህርት ቤቶችና ሊቃውንት በአምስት ሳንቲም ይሸጥላቸው ነበር እንጂ ሀብት አላከማቸበትም። በ1898 ዓ.ም. ከቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ከጆርጅ ፐርኪንስ ጋር የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳተመ። በበጋ ደግሞ ዱቄት በመጥበሻ ዘርግቶ ዝናብ እንዲወርድበት በማድረግ ከሚገኘው የሊጥ እንክብል የዝናብን ጠብታ መጠን ለካ።

ነቀፌታም አልቀረለትም። በጀርመን አገር የነበረው የአየር ጠባይ ሊቅ ጉስታቭ ሄልማን፣ ቤንትሌይ በኔጋቲቩ ላይ የቅንጣቷን ዙሪያ በስለት ስለሚፍቀው ሥዕሉ ተለውጧል ሲል ወቀሰው። ቤንትሌይ ይህን የሚያደርገው ቅንጣቷ በጥቁር መደብ ላይ ጎልታ እንድትታይ ነበር፤ ሥራውንም አልደበቀም። ደግሞም የሚመርጠው የተዋቡትን ስለ ሆነ ሥዕሎቹን ብቻ የሚያይ ሰው አመዳይ ሁሉ እንዲሁ ያማረ ሊመስለው ይችላል፤ አብዛኛው ግን የተሰበረ ወይም የተዛባ ነው። ነገር ግን የቅንጣቷ መልክ በደመናው ውስጥ ስላለው ብርድ ይናገራል ብሎ መገመቱ ትክክል ነበር። ጃፓናዊው ሊቅ ኡኪቺሮ ናካያ በ1936 ዓ.ም. በቤተ ሙከራ ውስጥ አመዳይ ሠርቶ መልኩ በብርዱና በአየሩ እርጥበት መጠን እንደሚለወጥ አስረድቷል።

በ1931 ዓ.ም. ከ2,400 የሚበልጡ ሥዕሎች የያዘው መጽሐፍ ታተመለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአመዳይ ዐውሎ ነፋስ ውስጥ በእግሩ ረጅም መንገድ ሄዶ በሳንባ ምች ታመመና በዲሴምበር 23 ቀን፣ በዚያው ባደገበት እርሻ ዐረፈ። ዕድሜው 66 ዓመት ነበር።

እኛ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንሰናበት ተማሪዎች ከፊላችን ወደ ኮሌጅ፣ ከፊላችን ወደ ሥራ፣ ከፊላችንም ወደ አባቶቻችን እርሻ እንሄዳለን። ወደ እርሻ የሚመለሰው ወንድማችን ትምህርቱ የተቋረጠበት መስሎት እንዳያዝን ቤንትሌይን ያስብ፤ እርሱ ከላሞቹ ሳይለይ ሊቃውንትን ያስተማረ ሰው ነውና። ወላጆቻችንም ያንን አባት ያስቡ። የልጁ ሐሳብ ባይገባውም ዋጋውን ከፍሎለታል።