ፒተር ሜዳዋር፦ ለአካል ንቅለ ተከላ በር የከፈቱት ሊቅ

ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ሰው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከማሽን ጋር ተያይዞ ደሙን ያሳጥባል። ከዚህ ኑሮ የሚያላቅቀው ዋናው መንገድ ከሌላ ሰው የተለገሰ ኩላሊት መቀበል ነው። ንቅለ ተከላው ተሳክቶለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ግን ጤናው ቢመለስም ከመድኃኒት አይለያይም። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚውጣቸው እንክብሎች አሉት፤ ኩላሊቱም እስካገለገለ ድረስ አይተዋቸውም። የዳነ ሰው ስለ ምን መድኃኒት ይወስዳል? የዚህ ጥያቄ መልስ ከሊባኖሳዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ከተወለዱ አንድ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። እኚህ ሰው ሰር ፒተር ሜዳዋር ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒተር ሜዳዋር የካቲት 28 ቀን 1915 በብራዚል፣ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ብዙም በማትርቀው በፔትሮፖሊስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሊባኖስ ምድር ወጥተው በንግድ ሥራ ባሕር ማዶ የተሰማሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ገና በሕፃንነታቸው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላኩ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሳለፏቸውን ዓመታት በኋላ ዘመናቸው በደስታ አላስታወሷቸውም፤ የሥነ ሕይወት ትምህርት ፍቅር ያደረባቸው ግን በዚያው ነበር። በ1932 ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የእንስሳት ሳይንስ አጠኑ፤ በከፍተኛ ማዕረግም ተመረቁ። በ1937 የትምህርት ጓደኛቸውን ጂን ቴይለርን አገቡ፤ አራት ልጆችንም አፈሩ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ግን ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940፣ አንድ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በኦክስፎርድ ከሜዳዋር መኖሪያ አጠገብ ተከሰከሰ። ከአደጋው የወጣው አየር ኃይል ባልደረባ አብዛኛው ገላው በእሳት ተበልቶ ነበር። ሐኪሞቹ ወጣቱን ተመራማሪ አማከሯቸው። ከሌላ ሰው ቆዳ ወስዶ ቁስሉን መሸፈን ቢቻል ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ሆኖም የሌላ ሰው ቆዳ ለጥቂት ቀናት የያዘ መስሎ ከታየ በኋላ መጥቆሩና መርገፉ አይቀርም። ይህ ለምን እንደሚሆን በጊዜው በግልጽ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። ሜዳዋር ጥያቄውን የዕድሜ ልክ ሥራቸው አደረጉት።

ብዙም ሳይቆዩ ወደ ስኮትላንድ ተጉዘው በግላስጎው ከተማ ሆስፒታል ከቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ጊብሰን ጋር መሥራት ጀመሩ። በዚያ ከባድ የእሳት ቃጠሎ ለደረሰባት አንዲት ሴት ከራሷ ገላና ከወንድሟ ገላ የተወሰዱ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ተደረጉላት። የራሷ ቆዳ ያዘ፤ የወንድሟ ግን ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በዚህ አላበቁም፤ ከዚያው ወንድም ለሁለተኛ ጊዜ ቆዳ ወስደው ተከሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ በፈጠነ ጊዜ ጠፋ።

በ1943 የታተመው የዚህ ጥናት ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰውነት ያስታውሳል። አንድ ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ሰው ዳግመኛ በቀላሉ እንደማይያዝ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ የባዕድ ሰው ሥጋ የገባበት ሰውነትም ያንን ባዕድ ለይቶ ያውቀዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ፈጥኖ ይነሣበታል። እንግዲህ የተተከለውን ቆዳ የሚያጠፋው የሐኪም ስሕተት ወይም የስፌት ጉድለት ሳይሆን፣ ከተሕዋስያን የሚጠብቀን ያው የመከላከል ሥርዓት ነው። ሜዳዋር ወደ ኦክስፎርድ ተመልሰው በጥንቸሎች ላይ ባካሄዷቸው ሰፊ ሙከራዎች ይህንኑ አረጋገጡ።

የበሽታው ምክንያት ቢታወቅም መድኃኒቱ ገና ሩቅ ነበር። ሁለተኛው ፍንጭ የተገኘው ከከብት በረት ነው። ሜዳዋር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ሲያገለግሉ፣ መንታ ጥጆች ፍጹም ተመሳሳይ መሆን አለመሆናቸውን በምን መለየት ይቻላል የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። እርሳቸውም ነገሩ ቀላል መሰላቸው፤ ቆዳ መለዋወጥ ነው፤ ተመሳሳይ ካልሆኑ አይቀባበሉም። ከባልደረባቸው ከሩፐርት ቢሊንግሃም ጋር ሙከራውን ሲያደርጉ ግን ያልጠበቁት ሆነ። ጭራሽ የማይመሳሰሉት፣ ወይፈንና ጊደር የሆኑት መንቶች ሳይቀሩ አንዱ የሌላውን ቆዳ ተቀበለ። ምክንያቱን የገለጠላቸው አሜሪካዊው ሬይ ኦወን በ1945 ያሳተሙት ጥናት ነበር። መንታ ጥጆች በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ደማቸው ይቀላቀላል። ከመወለዳቸው በፊት የተዋወቁትን ሥጋ ካደጉ በኋላ እንደ ባዕድ አይቆጥሩትም።

ሜዳዋር ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተዛወሩ በኋላ ተፈጥሮ በጥጆች ያደረገችውን በአይጦች ላይ ለመድገም ተነሡ። ከቢሊንግሃምና ከሌስሊ ብሬንት ጋር ሆነው ገና በማሕፀን ላሉ የአይጥ ፅንሶች ከሌላ ዘር አይጦች የተወሰዱ ሕዋሳትን ሰጡ። ፅንሶቹ ተወልደው ሲያድጉ የዚያን ዘር ቆዳ ያለ ተቃውሞ ተቀበሉ። በ1953 ይፋ የሆነው ይህ ሥራ ለሰው ሕመምተኛ በቀጥታ የሚውል አልነበረም፤ ማንም ሰው ወደፊት ኩላሊት ማን እንደሚለግሰው አውቆ አይወለድምና። ሆኖም ሊሻገሩት አይቻልም ይባል የነበረው ግንብ በር እንዳለው አሳየ። ለዚህም በ1960 ከአውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በሩን ያንኳኩት ሌሎች ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 1954 ጆሴፍ መሪ በቦስተን ከአንድ ሰው ወደ ተመሳሳይ መንታ ወንድሙ ኩላሊት አዛወሩ። መንታዎቹ በተፈጥሯቸው አንድ ስለነበሩ ኩላሊቱ ተቃውሞ አልገጠመውም፤ ተቀባዩም ስምንት ዓመት ያህል ኖረበት። መንታ ለሌለው ግን ሌላ መላ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ወጣቱ እንግሊዛዊ ሐኪም ሮይ ካልን ሜዳዋር በኦክስፎርድ ሲያስተምሩ አደመጡ። ካልን እንደተረኩት፣ ይህ ግኝት ለሕክምና ይውላል ወይ ተብለው ሲጠየቁ ሜዳዋር ፈጽሞ አይውልም የሚል መልስ ሰጡ። ካልን ግን በዚህ ተስፋ አልቆረጡም። የደም ካንሰር መድኃኒት ሆኖ የተሠራ ኬሚካል የመከላከል ሥርዓትን ያዳክማል የሚል ጥናት አይተው በውሾች ላይ ሞከሩት፤ ኩላሊቱም ረዘም ላለ ጊዜ ሠራ። ሜዳዋርም ይህን ወጣት አልገፉትም፤ በቦስተን ከመሪ ዘንድ ሄደው እንዲሠሩ አገዟቸው። በዚያም በገርትሩድ ኤልየንና በጆርጅ ሂቺንግስ የተሠራው አዛቲዮፕሪን የተባለው መድኃኒት ተፈተነ፤ በ1962 ዝምድና ከሌለው ሰው የተወሰደ ኩላሊት በዚሁ መድኃኒት ድጋፍ ሠራ። ቀጥሎ ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ታከሉበት። በኋላም ከፈንገስ የተገኘው ሳይክሎስፖሪን በ1980ዎቹ የንቅለ ተከላን ውጤት በእጅጉ አሻሻለ፤ ዛሬ በሰፊው የሚታዘዘው ታክሮሊመስም ተከተለ። ሜዳዋር ራሳቸውም በ1960ዎቹ ተቃውሞውን የሚመሩትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያጠቃ ሴረም አጥንተዋል፤ የዚህ ሴረም ዘመዶች ዛሬም በንቅለ ተከላ ክፍሎች ያገለግላሉ።

በ1962 የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም ዳይሬክተር ሆኑ፤ በ1965 የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በመስከረም 1969 ግን፣ በኤክሰተር ከተማ ካቴድራል ቆመው ምንባብ በማንበብ ላይ ሳሉ፣ በ54 ዓመታቸው ድንገተኛ የአንጎል ደም ሥር ሕመም ጣላቸው። ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ በገዛ እጃቸው የቀዶ ሙከራ የሚያደርጉ ሰው የዚያ እጅ አገልግሎት ተቋረጠባቸው። ሆኖም በባለቤታቸው ብርቱ ድጋፍ ወደ ሥራ ተመለሱ። ምርምር መሩ፤ ለወጣት ሳይንቲስቶች የሚሆን የምክር መጽሐፍ በ1979፣ የሕይወት ታሪካቸውን ደግሞ በ1986 አሳተሙ። ተደጋጋሚ ሕመም ካዳከማቸው በኋላ ጥቅምት 2 ቀን 1987 በ72 ዓመታቸው በለንደን አረፉ።

የተከሉት ዘር ግን በእኛም አካባቢ ፍሬ አፍርቷል። በሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ1979 በሪያድ ተከናወነ፤ በ1982 ታላላቅ የሃይማኖት ሊቃውንት አካል መለገስ የተፈቀደ መሆኑን ወሰኑ። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2015 አገልግሎቱን ጀመረ። ቀድሞ ለዚህ ሕክምና ባሕር መሻገር ግድ የሆነበት ቤተሰብ በአገሩ የመታከም ዕድል አገኘ።

በግላስጎው የታየው እውነት ዛሬም አልተለወጠም፤ ሰውነት ያስታውሳል። መድኃኒት ተቃውሞውን ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም። ደኅና ነኝ ብሎ እንክብሉን ያቋረጠ ሰው ሕመም ሳይሰማው ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። አንዱን ኩላሊት በዚህ መንገድ ያጣ ሰውም ሰውነቱ ባዕዱን ስለለየ ሁለተኛ የሚስማማ ለጋሽ ማግኘት ይከብደዋል። ስለዚህ ከጂዛንም ሆነ ከድንበር ከተሞች ወደ አገር ቤት ለዕረፍት የሚሄድ ተቀባይ ለጉዞው ቀናት ብቻ ሳይሆን ለመዘግየትም የሚበቃ መድኃኒት መያዝ አለበት። ጾም ለመጾም፣ የመዋጫ ሰዓት ለመለወጥ ወይም ሌላ መድኃኒት ለመጨመር ሲያስብ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ወገን ወይም ዘመድ ከገላው ከፍሎ የሰጠውን ስጦታ ጠብቆ ማቆየት የሚቻለው በዚህ የየዕለት ጥንቃቄ ነው።