ኦዌይን ግሊንዱር፤ ተሸንፎ ያልተረሳው የዌልስ መስፍን

ታሪክ የሚጻፈው ለአሸናፊ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ ስንማርም በአእምሯችን የሚቀረው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ነገሥታት ስም ነው። ነገር ግን ጦርነቱን ተሸንፎ፣ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ቤተሰቡ ታስሮበት፣ መቃብሩ እንኳ ጠፍቶ ሳለ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያስበው አንድ ሰው አለ። እሱም የዌልሱ ኦዌይን ግሊንዱር ነው። ለመሆኑ ይህ ሰው ምን ቢሠራ ነው ሳይረሳ የቀረው? ሕይወቱን እየተከተልን መልሱን ለማግኘት እንሞክር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌልስ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ የራሷ ቋንቋና ሕግ የነበራት ተራራማ አገር ናት። በ1282 መስፍኗ ልዌሊን ተገደለና የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ አገሪቱን ያዘ። በየቦታው ትልልቅ የድንጋይ ምሽጎች አስገነባ፤ በምሽጎቹ ሥር በተቆረቆሩት ከተሞችም እንግሊዛውያንን አሰፈረ። የዌልስ መስፍን የሚለው ማዕረግም ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ተሰጠ። ኦዌይን የተወለደው ይህ ከሆነ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1350ዎቹ ነው። በአባቱም በእናቱም የጥንት መሳፍንት ዘር ነበር።

ታዲያ ኦዌይን ከልጅነቱ ጀምሮ አመፀኛ ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ለንደን ሄዶ ሕግ እንደተማረ ይታመናል። ያገባውም የታዋቂውን ዳኛ የዴቪድ ሃንመርን ልጅ ማርጋሬትን ነው። በ1380ዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆኖ ስኮትላንድ ላይ ዘምቷል። ርስት ነበረው፤ ቤቱም እንግዳ የማይታጣበት፣ ባለቅኔዎች የሚመላለሱበት የደመቀ ቤት ነበር። በአጭሩ ኑሮው የተመቻቸ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩ የተበላሸው ሬጂናልድ ግሬይ ከሚባል እንግሊዛዊ ጎረቤቱ ጋር በመሬት ሲጣላ ነው። በ1399 ደግሞ ሄንሪ 4ኛ ሪቻርድ 2ኛን አውርዶ ዙፋኑን ያዘ። ግሬይ የአዲሱ ንጉሥ ሰው ስለነበረ ኦዌይን ፍትሕ የሚያገኝበት በር ተዘጋበት።

መስከረም 16 ቀን 1400 ኦዌይን ዘመዶቹንና ጥቂት ተከታዮቹን በርስቱ ላይ ሰብስቦ የዌልስ መስፍን ተባለ። በቀናት ውስጥም የግሬይን ከተማ ሩዝንን አጠቃ። አመፁ በዚያው ሊከስም ይችል ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ ፓርላማ በ1401 እና በ1402 ያወጣቸው ሕጎች እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመሩበት። በእነዚህ ሕጎች የዌልስ ተወላጅ በእንግሊዛውያን ከተሞች መሬት እንዳይገዛ፣ ሹመት እንዳይዝ፣ መሣሪያ እንዳይታጠቅና እንዳይሰበሰብ ተከለከለ። የአንድ ባላባት የመሬት ጠብ የሕዝብ ጥያቄ የሆነው ያኔ ነው። በኦክስፎርድ ይማሩ የነበሩ የዌልስ ተማሪዎች ሳይቀሩ ትምህርታቸውን እየተዉ፣ በእንግሊዝ በጉልበት ሥራ ላይ የነበሩትም ሥራቸውን እየጣሉ ወደ አገራቸው ገቡ።

በ1401 የኦዌይን ዘመዶች የኮንዊን ምሽግ በዘዴ ያዙ። ሰኔ 1402 ብሪን ግላስ በተባለው ኮረብታ ላይ ኦዌይን ትልቅ ድል አገኘ፤ ኤድመንድ ሞርቲመር የሚባለውን የእንግሊዝ መኳንንትም ማረከ። ንጉሡ ሞርቲመርን በገንዘብ ለማስለቀቅ እምቢ ሲል ምርኮኛው እዚያው ቀረና የኦዌይንን ልጅ ካትሪንን አገባ። በ1404 የሃርሌኽና የአበሪስትዊዝ ምሽጎች በኦዌይን እጅ ገቡ። በዚያው ዓመት ማኽንክሌዝ በተባለች ከተማ ፓርላማ ጠራ፤ ከፈረንሳይም ጋር የጦር ውል ተፈራረመ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በ1406 ከፔናል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለቻርልስ 6ኛ የላከው ደብዳቤ ነው። በዚህ ደብዳቤ የዌልስ ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ተለይታ የራሷ ሊቀ ጳጳስ እንዲኖራት፣ ካህናቷም የሕዝቡን ቋንቋ የሚያውቁ እንዲሆኑ ጠየቀ። ከዚህ አልፎ በሰሜንና በደቡብ ዌልስ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲቋቋሙ አሳሰበ። እስቲ አስቡት! በዚያን ጊዜ በዌልስ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ጦርነቱ እየከበደበት ያለ ሰው ግን ስለ ተማሪ ያስባል።

ሁኔታው ግን እየተገለበጠ ነበር። በ1405 የመጣው የፈረንሳይ ጦር እስከ ዉስተር አካባቢ ዘልቆ ሳይዋጋ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ወንድሙ ሲገደል ልጁ ግሪፊዝ ተማረከ። በኋላ ሄንሪ 5ኛ የሆነው ወጣቱ የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ በየተራራው ማሳደዱን ትቶ ምሽጎቹን በረሃብ ወደ ማስጨነቅ ዞረ። አበሪስትዊዝ በ1408፣ ሃርሌኽ በ1409 ወደቁ። ሞርቲመር በከበባው ሞተ። ማርጋሬትና ካትሪን ከልጆቿ ጋር ወደ ለንደን ግንብ ተወሰዱ፤ ካትሪንም በ1413 እዚያው ሞተች።

ደግሞም እውነቱን መሸሸግ አይገባም። አገሪቱን ያወደመው የእንግሊዝ ጦር ብቻ አይደለም። የኦዌይን ሰዎችም ከተሞችን አቃጥለዋል፤ የቅዱስ አሳፍ ካቴድራል በእነሱ እጅ ነው የነደደው። ገበሬው ከሁለቱም ወገን ተጎድቷል፤ ሕጎቹም ከአመፁ በኋላ ለረጅም ዘመን ጸንተው ቆዩ። እንግዲህ ጦርነቱ ዋጋው ከባድ ነበር።

ኦዌይን ራሱ ግን አልተያዘም። ከ1412 በኋላ በግልጽ የታየበት ጊዜ የለም። ሄንሪ 5ኛ በ1415 ምሕረት ሊሰጠው ቢያስብም መልስ አልመጣም። በዚያው ዓመት ገደማ እንደሞተ ይገመታል። ይህን ያህል ዓመት ሲታደን ከደሃው ሕዝብ መካከል አሳልፎ የሰጠው አንድም ሰው አለመገኘቱ ሕዝቡ ለእሱ የነበረውን ፍቅር በደንብ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በተለያየ መልክ ቀጠለ። በ1485 የእንግሊዝን ዙፋን የያዘው ሄንሪ ቱዶር የሚወለደው ከኦዌይን የአክስት ልጆች ወገን ነው። ሼክስፒር በሄንሪ 4ኛ ተውኔቱ አስማተኛ አድርጎ ሣለው። የዌልስ ብሔራዊ ስሜት በ19ኛው መቶ ዘመን ሲያንሰራራ ግን ኦዌይን የነፃነት ምልክት ሆነ። በ1872 ምሽጉን በያዘባት በአበሪስትዊዝ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1893 የዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1920 የዌልስ ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ተለየች፤ በ1999 ደግሞ የዌልስ ምክር ቤት ሥራ ጀመረ። እነዚህን ኦዌይን አመጣቸው ማለት አይቻልም፤ ብዙ ትውልድ የደከመባቸው ናቸው። ነገር ግን ሦስቱንም ነገሮች አስቀድሞ አስቧቸው ነበር። ዛሬ መስከረም 16 በዌልስ የኦዌይን ግሊንዱር ቀን ሆኖ ይታሰባል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ይመስለኛል። ኦዌይን የተዋጋው ጠላትን ለማባረር ብቻ አልነበረም፤ ከድሉ በኋላ ምን ዓይነት አገር እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ሰይፉ ተሸነፈ፤ ሐሳቡ ግን ጊዜውን ጠብቆ ተነሳ። እኛም የአንድን መሪ ታሪክ ስናነብ ስንት ጦርነት አሸነፈ ከማለታችን በፊት ለሕዝቡ ምን አስቦለት ነበር ብለን ብንጠይቅ ይበጃል።