ሻምበል አበበ ቢቂላ በበረዶ አገር

በእኛ በጨፋ ሸለቆ በረዶ ማለት ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ የማሽላውን ቅጠል የሚቀዳድድ፣ ጥቂት ቆይቶም ቀልጦ ወደ ቦርከና የሚወርድ ነገር ነው። ምድርን ለወራት ሸፍኖ የሚቆይ፣ ሰዎችም በላዩ እየተንሸራተቱ የሚሽቀዳደሙበት በረዶ መኖሩን የምናውቀው በትምህርት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያ ዓይነት በረዶ ላይ ተወዳድሮ ማሸነፉን በተረዳን ጊዜ እጅግ ተደነቅን። ሰውየውም ሌላ ሳይሆን ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠበቀ፤ ገና ተጫወተ። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። እዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን ተመልክቶ ለረጅም ርቀት ሩጫ አዘጋጀው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለት በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ማታ የሚነዳት መኪና ተገለበጠች። አበበ ከአደጋው በሕይወት ቢተርፍም አከርካሪው ተጎዳ። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እጆቹ ሲድኑለት እግሮቹ ግን ዳግመኛ ሊራመዱ አልቻሉም። ዓለም ያደነቃቸው እግሮች እንደዚህ ሆነው ቀሩ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተለማመደ፤ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ለእንዲህ ያለ ውድድር በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጠራ። የክብር እንግዳ ሆኖ ቁጭ ብሎ ቢመለከት የሚነቅፈው አልነበረም። እርሱ ግን ውሾች በሚስቡት የበረዶ መንሸራተቻ ላይ ተቀምጦ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ፤ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድም ገብቶ አንደኛ ሆነ። ያንን ያደረገው በረዶ የለመዱ ሰዎች በሚኖሩበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብሩም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ክብር ተፈጸመ።

ብዙዎቻችን አበበን የምናስበው በሮማ ባዶ እግሩ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በየመንደራችን እግሩ የተጎዳ ልጅ ከቤት እንዲውል፣ ከጨዋታም ከትምህርትም እንዲቀር የሚደረግበት ጊዜ አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅና ለወላጆቹ ከሮማው ድል ይልቅ የኖርዌዩ ድል ብዙ ያስተምራል ብለን እናምናለን። እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጓደኛ ቢኖረን ከሜዳው ዳር አስቀምጠን አንለፈው፤ አብሮን ይጫወት፣ አብሮንም ይማር።