ከወንጀል ነፃ፣ ከካሣስ? የዶክተር ማይነር ሕይወት

ከውል ውጭ ኃላፊነትን ስንማር አእምሮው የታመመ ሰው ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሁሌም ያጨቃጭቃል። እኔ ጥያቄውን የማየው በዊሊያም ቼስተር ማይነር ሕይወት ነው።

ማይነር እ.ኤ.አ. በ1834 በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) ከአሜሪካውያን ሚስዮናውያን ተወለደ። በዬል ሕክምና ተምሮ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ሐኪም ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ግን አእምሮው ታወከ፤ ሌሊት ሌሊት ሰዎች ክፍሌ እየገቡ ያሠቃዩኛል ይል ጀመር። በጡረታ ተሰናብቶ ለንደን ገባ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1872 አንድ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ፣ ወደ ቢራ ፋብሪካ ሥራው ይሄድ የነበረውን ጆርጅ ሜሬትን ክፍሌ የገባው ይሄ ነው ብሎ በሽጉጥ ገደለው። ሟቹ ጭራሽ አያውቀውም። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ኤላይዛ ከስድስት ልጆች ጋር ቀረች። ፍርድ ቤቱ ማይነር በሕመሙ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ብሮድሙር ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አስገባው።

ልጆቹንስ ማን ያብላ? በእንግሊዝ ከ1846 ጀምሮ የሟች ቤተሰብ ገዳይን ካሣ መጠየቅ ይችል ነበር። በ1952 ደግሞ በሞሪስ እና ማርስደን ጉዳይ፣ ሰው እንደሚመታ እያወቀ ድርጊቱ ስሕተት መሆኑን ያላወቀ ሕመምተኛ ካሣ ከፋይ ተደርጓል። ማይነርም መተኮሱን ያውቅ ነበር፤ ያሳሳተው ምክንያቱ ነው። የኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2030 ጥፋትን ሲመዝን የአእምሮን ሁኔታ አይቆጥርም፤ በቁጥር 2099 ግን ዳኛው የሁለቱን ወገኖች ሀብት አይቶ ለርትዕ ሲል ካሣውን መቀነስ ይችላል። ጡረታ ያለው ሐኪምና ምንም የሌላት መበለት ሲመዘኑ፣ በኔ አስተያየት የሚቀነስ ነገር የለም።

ማይነር ማንም ሳያስገድደው ለኤላይዛ ገንዘብ ላከላት። እሷም ብሮድሙር ድረስ እየመጣች ትጠይቀው፣ መጽሐፍም ታመጣለት ነበር። (ይሄ በየትኛውም አንቀጽ የለም።) ክፍሉን በመጻሕፍት ሞልቶ፣ ጄምስ መሬ ያዘጋጀው ለነበረው ለኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ የቃላት አጠቃቀም ምሳሌዎችን ላከ።

ሕመሙ ግን አልለቀቀውም፤ በ1902 በገዛ አካሉ ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ። በ1910 የአገር ውስጥ ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል ወደ አሜሪካ እንዲመለስ ፈቀደለት። እዚያም ሆስፒታል ገብቶ፣ በ1920 በኮኔቲከት ሞተ።